እቃው ሙሉ ነው፤ ሰውየው ይቀረዋል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የቤዝ ጊታር እቃ ያለው አማተር ያለ አይመስለኝም። ከእኔ የባሰ ቤዝ የሚጫወት አለ ቢሉኝም አላምንም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለሰው የማወራው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን የሚያወሩልኝ ሌሎች ናቸው።

ቤዝ የመረጥሁት ፍቅር ይዞኝ አይደለም፤ ቀላል መስሎኝ ነው። ሊድ ጊታር ስድስት ክር አለው፣ ቤዝ አራት። ኪቦርድ የሚጫወተው ዐሥር ጣት ያንቀሳቅሳል፣ ቤዚስቱ ሁለት። ዘፋኙ ግጥም ይሸመድዳል፣ ድራመሩ ያልበዋል፤ ቤዚስቱ ግን ከኋላ ቆሞ አልፎ አልፎ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ለእኔ ቢጤ ሰነፍ የተፈጠረ ሥራ ነው ብዬ ደመደምሁ። ማሕሙድ አሕመድ በፈረንጆቹ 1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዚስት የነበረው ጆቫኒ ሪኮ ሲጫወት ምንም የሚደክም አይመስልም። ያልደከመው ለምን እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ገንዘብ አወጣሁ።

ገንዘቡ የእቁብ ነበር። ዕጣው ሲወጣልኝ ባለቤቴ የኩሽናውን ቆርቆሮ ታሰላለች፣ እኔ የአውቶቡስ ትኬት እቆርጣለሁ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጀን ወርዶ ጎሃ ጽዮን የሚያወጣው የዓባይ ሸለቆ አንድ ሰው ሐሳቡን ለመለወጥ ከፈለገ በቂ ጊዜ ይሰጠዋል። እኔ ግን ቁልቁለቱን ስወርድም ዳገቱን ስወጣም የማስበው ስለ ቀለም ነበር፤ ጥቁር ይሁን ቀይ?

ያገለገለ ባለ አራት ክር ይዤ ተመለስሁ። እናቴ ከማኅደሩ ሳወጣው አየችና ክሩን በጣቷ ቆጠረች።

«ክራር ስድስት አለው፣ በገና ዐሥር አለው። የዚህን ቀሪውን ማን ወሰደው ልጄ?»

«እማየ፣ ቤዝ እኮ አራት ነው።»

«ማሲንቆም አንድ ነው፤ እሱ ግን እቁብ አይበላም» አለችኝ።

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣኝና ቆየት ብዬ ባለ አምስት ክር ገዛሁ። አምስተኛዋ ወፍራም ክር ባዶዋን ስትመታ በሰከንድ 31 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች፤ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነው ይላሉ። ይላሉ የምለው እስካሁን ለአውራ ጣቴ ማሳረፊያነት ብቻ ስላገለገለችኝ ነው።

ባለ አምስት ክሩን የመረጥሁት ማታ ማታ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ባለ አራት ክሩ ላይ እንኳ የወፍራሙ ክር ድምፅ በሰከንድ 41 ንዝረት ነው፤ የእጅ ስልክ ትንሿ ስፒከር ይህን ያህል ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም። እኔ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሁለት ቤዝ አወዳድር ነበር፤ «የዚህኛው ሞቅ ይላል፣ የዚያኛው ጥርት ይላል» እያልሁ። ቤዙን አልሰማሁትም። የሰማሁት የሻጩን ወሬ ነው።

ለነገሩ ጥፋቱን በእቃው ማላከክ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ሊዮ ፌንደር ከመጀመሪያው በሩን አልዘጋብኝም ነበር። ሰውየው በፈረንጆቹ 1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ገበያ ላይ ሲያወጣ የነበረው ችግር ሁለት ነው፤ የሰው ቁመት የሚያህለው ትልቁ ቤዝ ለመሸከም ይከብዳል፣ ባንድ መካከልም አይሰማም። ፌንደር ቤዙን አሳንሶ በኤሌክትሪክ እንዲጮህ አደረገው፤ አንገቱ ላይ ደግሞ ብረት ደረደረበት። ብረቱ ስላለ ጣት ትንሽ ቢዛነፍም ድምፁ ልክ ይመጣል፤ ስሙም የወጣለት ከዚህ ልክነት ነው። እንግዲህ ለተጫዋቹ የተተወለት ዋና ሥራ ጊዜ መጠበቅ ነው። እኔ የወደቅሁት በዚያች በተተወችው ነው።

መውደቄን ግን ቶሎ አላመንሁም። አንድ ክረምት ቤዜ እዝዝ ማለት ጀመረ። የጮቄ ጭጋግ እንጨቱን አጎበጠው ብዬ ወሰንሁ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ እርጥበት እንጨትን ያንቀሳቅሳል፣ አንገቱ ውስጥ የተቀበረውም የብረት ዘንግ የሚጠብቀውና የሚላላው ለዚሁ ነው። በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አጠበቅሁት፣ አላላሁት፣ እንደገና አጠበቅሁት። በመጨረሻ ያስረከብሁት ባለሙያ ቤዙን ጭኑ ላይ አድርጎ ከታች እስከ ላይ ተጫወተበት፤ እዝዝ የሚል ነገር የለም። «ጣትህን ከብረቱ ጥግ አስጠግተህ ተጫን» አለኝና ሒሳቡን ተቀበለ። በገና ደርዳሪዎች ይህንኑ ንዝረት ሆን ብለው ነው የሚያመጡት፤ ከጅማቱ ሥር ኤንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ እያስገቡ፣ በትዕግሥት እያስተካከሉ። አባቶቻችን ለፍተው የሚያገኙትን ድምፅ እኔ በስንፍና አግኝቼ በገንዘብ አስጠፋሁት።

ድምፅ ማጉያዬ፣ አምፑም፣ የራሱ ታሪክ አለው። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ ሲሰካ እምምም ይላል። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል፤ በባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራም ክር ሦስተኛው ብረት ላይ ያለችው ጂ ደግሞ 49 ናት። ስለዚህ አምፔ ያለ እኔ እርዳታ ጂን ይዞ፣ ሳያቋርጥና ሳይዛነፍ ይጫወታል። የሰፈር ባንዳችን ድራመር ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማውና፣ «ይኼኛውን እንቅጠረው፤ አንተ ተቀመጥ» አለኝ።

ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን በቀኝ እጁ አንድ ጣት ብቻ ይጫወት ነበር፣ ክርም ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ክር አለመቀየሩን ወዲያው ተማርሁ።

ጎረቤቶቼ ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ያስታውሱኛል፤ ሊያበረታቱኝ ይሆን ሊሰድቡኝ አላውቅም። በዲማ ጊዮርጊስም በዋሸራም ሊቅ ሆኖ የወጣው የቆሎ ተማሪ ጠቅላላ እቃ ደበሎና አኩፋዳ ነው፤ የቀረው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንድ ጧት የድምፅ መለወጫ ፔዳሎቼን አሰላለፍ በወረቀት ስነድፍ (የትኛው ከየትኛው ይቀድማል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም) ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ቁራሽ እንጀራውን አኩፋዳው ውስጥ ከቶ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ አየና፣ «ጋሼ፣ መብራት ነው የሚሠሩት?» አለኝ። አዎ አልሁት። ቤዝ እጫወታለሁ ብዬ ብነግረው ተጫወትልኝ ቢለኝስ?

አሁን ወደ ሰርጉ። ጥር ነው፣ ጥምቀት አልፏል፣ በየሰፈሩ ድንኳን ተተክሏል። የወዳጃችን ልጅ ታገባለችና የሰፈር ባንዳችን ተጠራ። ባለ አምስት ክሩ አክቲቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በ9 ቮልት ድንጋይ ይሠራል። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ጃኩ ሲሰካ ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ጃኩን ሰክቶ ያሳደረ ሰው ድንጋዩን ያስጨርሳል። ይህን መመሪያው ላይ አንብቤያለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬያለሁ። ሰክቼ ያደርሁት እኔ ነኝ። ሙሽሮቹ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ሱቅ የላክሁት ልጅ ሁለት ክብ የራዲዮ ድንጋይ ይዞ መጣ። ድንጋይ የማይፈልገው የመጀመሪያው ቤዜ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቷል፤ የወንድሜ ልጅ በባጃጅ አመጣልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በእቃ ማመካኘት አልቻልሁም። የእኔ የሙዚቃ ዕውቀት ባጭሩ አንደኛውንና አምስተኛውን ድምፅ እያፈራረቁ መምታት ነው። በትዝታ ያስኬዳል፣ በባቲና በአምባሰልም ያስኬዳል፤ አምስተኛው በሦስቱም ውስጥ አለ። አንቺ ሆዬ ግን አያስጠጋውም፤ በእሱ ቦታ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ አስቀምጧል። ከሲ ብንነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሰርግ ደግሞ ያለ አንቺ ሆዬ አይሆንም። ዘፋኟ ጂ ፍላት ላይ ድምፅዋን ስታንቀጠቅጥ እኔ አምፔ የሚወዳትን ጂ አጥብቄ ያዝሁ። የተሳሳተው ሌላ ሰው መስሎኝ ድምፅ ጨመርሁ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ «ይህ ልጅ ጋብቻውን ነው የሚቃወመው?» ሲሉ ሰማሁ።

ኪቦርድ ተጫዋቻችን አስተዋይ ሰው ነው። ምንም ሳይል ሚክሰሩ ላይ የእኔን መስመር ወደ ታች አወረደና ቤዙን በግራ እጁ መጫወት ጀመረ። በየሰርጉ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ባንድ የሚሆንበት ዘመን ነው፤ ግራ እጅ ቤዚስት ነው፣ ከበሮው ማሽኑ ውስጥ አለ። እኔ እንደጠፋሁ አላወቅሁም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትሁ። ሲያበቃ ሰዎች እየመጡ ጨበጡኝ፤ «ዛሬስ ቤዙ ተዋጣለት» አሉኝ። በሙዚቃ ሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

ሕመሜ ያለው ችክችካ ላይ ነው። ስድስቱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት መክፈልም፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ለሦስት መክፈልም ይቻላል፤ ጣዕሙም ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው። እኔ ባንዱ ጀምሬ በሌላው እጨርሳለሁ፣ በመካከሉም እሮጣለሁ። የጎጃም ዘፈን በራሱ ፈጣን ነው፤ ከእሱም እቀድማለሁ። በፈረንጆቹ 1977 በወጣው የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» አልበም ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባል ሥራ አለ፤ የባንዱ ቤዚስት መላከ ገብሬ ነው። ቤዙ አንዲት ሐረግ ይይዝና አይለቃትም፤ የዘፈኑ ጉልበት ያለው አለመልቀቁ ላይ ነው። እኔ ሳጠናው ቶሎ ይሰለቸኝና ከኪሴ አንድ ጌጥ እጨምርበታለሁ። ጌጡ ሲያልቅ ሌሎቹ የት እንደደረሱ አላውቅም።

ድራመራችን በዕድሜ ይበልጠኛልና አያ እለዋለሁ። «አያ፣ አምፑ ትንሽ ስለሚዘገይ እኮ ነው» ብለው፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ብሎ ዱላውን አስቀመጠ። ተናድጄ ኮምፕረሰር የሚባል ፔዳል ገዛሁ። ኮምፕረሰር የጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አድርጎ ድምፅን ያመጣጥናል፤ የቸኮለውን ግን አይመልስም። አሁን ስሕተቶቼ ሁሉ እኩል ይሰማሉ።

ሜትሮኖም በስልኬ ላይ በነፃ አለ። ጭኜዋለሁ። ስከፍተው ያሳፍረኛል፤ ቀ፣ ቀ፣ ቀ እያለ ሲቆጥር የሚከራከሩበት ነገር የለም፣ የሚገዛለት ተጨማሪ እቃም የለም። ለዚህ ይመስለኛል ሱቅ ለሱቅ የምዞረው፤ ሻጭ ሁልጊዜ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ያረጋግጥልኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ከሰፈርህ ቤዝ መጀመር የሚፈልግ ልጅ ካለ ላከው። ባለ አምስት ክር ቤዝ፣ የኮምፕረሰርና የኮረስ ፔዳሎች፣ እጅግ ጥሩ ጃክና እምምም የሚል አምፕ ለሽያጭ ቀርበዋል። አምስተኛዋ ክር አዲስ ናት፤ አልተመታችም። ባለ አራት ክሩን አልሸጥም፤ ሜትሮኖሙን እከፍታለሁ ብዬ ለድራመሩ ቃል ገብቻለሁ። ስለ ዋጋ ባለቤቴን አነጋግሩ። ከእኔ ጋር እንዳትደራደሩ፤ ሌላ ፔዳል ካሳያችሁኝ እለውጣችኋለሁ።