«ስብሰባ ላይ ናቸው»፦ ባለመገኘት የመምራት ጥበብ

ስለ አመራርና ስለ ጠንካራ የሥራ ቡድን የተጻፉ መጻሕፍት አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ሁሉም አለቃው ቢሮ አሉ ብለው ይነሳሉ። ቶማስ ፒተርስና ሮበርት ዋተርማን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ፣ የካሊፎርኒያውን ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ምሳሌ አድርገው፣ አለቃ በሠራተኛው መካከል እየተዘዋወረ ቢመራ እንደሚበጅ አስተምረዋል። ምክሩ ለካሊፎርኒያ ይሠራ ይሆናል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች የሚታየው ግን ወደ ሌላ ድምዳሜ ይወስዳል፦ ቡድን የሚጠነክረው አለቃው ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ነው። የተሻለ መሪ ለመሆን የሚመኝ ሰው ስለ ራዕይና ስለ ተግባቦት ከመጨነቁ በፊት ከቢሮው ይውጣ።

ሐሳቡ የምሁራን ድጋፍ አያንሰውም። ካናዳዊው ሄንሪ ሚንትዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ሥራ አምስት ሥራ አስኪያጆችን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ፣ ከሥራ ሰዓታቸው 59 በመቶው ቀድሞ በተያዘ ስብሰባ፣ 3 በመቶው ብቻ ደግሞ ሥራን ዞሮ በማየት እንደሚያልፍ አሳይቷል። ሰዎቹ ቀሪውን ጊዜ በደብዳቤ፣ በስልክና በድንገተኛ እንግዳ ማባከናቸው የዘመኑን ኋላ ቀርነት ያሳያል፤ የእኛ ኃላፊዎች ይህን ክፍተት በአብዛኛው ዘግተውታል። ስቲቨን ከርና ጆን ጀርሚየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሠራተኛው ልምድ ካካበተ፣ ሥራው ከተለመደና ደንቡ ተጽፎ ከተቀመጠ እነዚህ ነገሮች መሪውን ሊተኩት እንደሚችሉ ጻፉ። ሁለቱ ሊቃውንት እዚህ ለመድረስ ምርምር አስፈልጓቸዋል፤ መዝገብ ቤት የተመደበ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይደርስበታል።

ማስረጃውን በቅርብ ለማየት አንድ ተራ ቢሮ ይበቃል። የአለቃው ኮት በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰቅሏል፤ መነጽሩ በተከፈተ ማስታወሻ ደብተር ላይ ተቀምጧል፤ ኮምፒዩተሩ በርቷል። ኮቱ ሰውየው መግባታቸውን ይመሰክራል እንጂ መኖራቸውን አይመሰክርም፤ ለተቆጣጣሪ ግን ያው ይበቃዋል። ባለጉዳዩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ይሞክሩ» ትለዋለች። ጎረቤት ቢሮ ያለውን ባለሙያ ቢጠይቅ፣ መዝገብ ቤት ቢወርድ፣ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ቢያነጋግር፣ ቃል ሳይጨመር ቃል ሳይቀነስ ያንኑ ይሰማል። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገርበት መሥሪያ ቤት መፍጠር የአመራር አሠልጣኞች ሁሉ ምኞት ነው። ቡድኑ ውስጥ ውስጡንም ተደራጅቷል፦ የቡና ተራ ወጥቷል፣ ዕቁቡ ቀኑን ሳያዛንፍ ይሰበሰባል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ለታመመበት የሚሸፍንለት አለ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም ሰርኩላር ሳይጻፍ ነው።

የለውጥ መርሐ ግብሮቻችንም ይህን አሠራር አጠናክረውታል። ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ)፣ ካፕላንና ኖርተን በ1992 ያመጡት ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና)፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በስሙ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት የጃፓኑ ካይዘን፣ ሁሉም ቤታችን ገብተዋል። ካይዘን አለቃ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ወርዶ በዓይኑ እንዲያይ አጥብቆ ያዛል። ኃላፊዎች ይህን ትምህርት የተከታተሉት ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴሎች ውስጥ፣ የውሎ አበል ታስቦላቸው፣ ከሥራው ቦታ በቂ ርቀት ላይ ሆነው ነው። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣረስ የሚመስለው ላይ ላዩን ለሚያይ ነው። አለቃው ስለ ቅርበት በሚማሩበት ሳምንት ቢሮ የቀሩት ይበልጥ ተቀራርበዋል፤ ሥልጠናው ግቡን መትቷል ማለት ነው።

አንዳንዶች፣ የአለቃ አለመኖር ይህን ያህል ከጠቀመ ቦታውን ጨርሶ ማጠፍ አይሻልም ወይ ይላሉ። ይህ አለመገኘትንና አለመሾምን ማምታታት ነው። ቦታው ክፍት ሲሆን ተወካይ ይመደባል፤ ተወካይ ደግሞ ሹመቱ እንዲጸናለት ሲል በሰዓቱ ይገባል፣ በየጠረጴዛው ይዞራል፣ የቆየ ፋይል አምጡ ይላል። ቡድኑ በጥቂት ቀን ይፈርሳል። ሹመቱ ከጸና በኋላ ግን እሳቸውም ስብሰባ ይጀምራሉ፤ ሰላም ይወርዳል። ውሳኔ ይዘገያል የሚሉም አሉ። ደብዳቤው አናቱ ላይ «ይታይ» ተብሎበት ይመራል፤ ያየው «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ ያወርደዋል፤ አስተያየቱ «ለውሳኔ ቀርቧል» ተብሎ ሲመለስ ወይ ጉዳዩ ጊዜው አልፎበታል ወይ ባለጉዳዩ ሰልችቶት ትቶታል። በሁለቱም መንገድ ፋይሉ ያለ አንዳች ስህተት ይዘጋል፤ ያልወሰነ ሰው ተሳሳተ ተብሎ አይጠየቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ አለቃው ውሎውን ያላዩትን ሠራተኛ እንዴት ይመዝናሉ የሚለው ነው። መልሱ የአፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ይታያል። ሠራተኛው ቅጹን ራሱ ይሞላል፣ ለትሕትና ያህል አንድ ሁለት ነጥብ ይቀንሳል፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲያልፉ ኮሪደር ላይ ያስፈርማቸዋል። ሁሉም ከፍተኛ ስለሚያገኝ ማንም በማንም አይቀናም፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውም ያርፋል። ባለጉዳዩ ቢጠየቅ ኖሮ ሌላ ነጥብ ይሰጥ ነበር የሚል ካለ፣ ይህም ታስቦበታል። ካፕላንና ኖርተን ከቢኤስሲ አራት ዕይታዎች አንዱን የሰጡት ለእሱ ነው፤ ቅጹም ላይ «የተገልጋይ እርካታ» የሚል ረድፍ አለ። ያንን ረድፍም የሚሞላው ሠራተኛው ነው፤ ባለጉዳዩ ከሰዓት ተመልሶ መምጣት ስላለበት በወረቀት ሊያደክሙት አልፈለጉም።