ውዝፍ የስም ኪራይን ይመለከታል

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዋልያን ስም ያለ ውል ስለመጠቀምና ስለተጠራቀመው ኪራይ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ በሚኖሩት ዋልያዎች ስም ነው። ውክልናውን ከየትኛው ውልና ማስረጃ አመጣኸው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እናንተም ስሙን ለብሔራዊ ቡድናችሁ ስትወስዱ የተፈራረማችሁበትን ወረቀት ላኩልኝና የእኔን በዚያው ቀን አያይዤ እልካለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት የሚከራይ ሰው የወራት ቅድመ ክፍያ ይቆጥራል፣ ደላላ ይሸኛል፣ ውሃ ሲጠፋ ዝም ይላል። እናንተ ግን ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጺሙ የተንዠረገገ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የማይገኝ ባለቤት ያለውን ስም ይዛችሁ ስንት ዓመት ተቀመጣችሁበት! ለ2013ቱ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የአፍሪካ ዋንጫ ከ31 ዓመት በኋላ ስታልፉ ከተማው ባንዲራ ለብሶ ሲጨፍር ያደረበትን ሌሊት እኔም አስታውሳለሁ። ዋልያ በዚያች ሌሊት የተጠራውን ያህል በዘመኑ ሁሉ ተጠርቶ አያውቅም። ማን እንደጠራው ዞር ብሎ አለማየቱን ግን እንደ ንቀት አትቁጠሩበት፤ በሰሜን ተራሮች ጨነቅ የሚባለው ገደል ላይ ድምፅ በደንብ አይሰማም።

ብዙም ሳይቆይ ቢራው መጣ። ዋልያ ቢራ የዋልያዎቹ ስፖንሰር ሆነ። ማለትም ዋልያ ለዋልያ ከፈለ፤ ተፈረመ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። ሦስተኛው ዋልያ፣ አራት እግር ያለው ማለቴ ነው፣ ስላልተጠራ አልተገኘም። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያግድ ቢራው ከስክሪን ወረደ። እንስሳው ቀድሞውንም እዚያ ስላልነበረ የሚወርድበት አልነበረውም። እርግጥ ከመካከላችሁ አንድ ቀን ለገደሉ የሆነ ነገር የላከ ሊኖር ይችላል። ካለ ደረሰኙን ይላክልኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ ከሒሳቡ ላይ አቀናንሳለሁ።

ሒሳብ ለመሥራት ደግሞ የባለ ስሙን ብዛት ማወቅ ግድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀመጥኩት መዝገቡ ያለው በፈረንጅ እጅ ስለሆነ ነው።) በ1960ዎቹ የቀሩት ዋልያዎች 150 ገደማ እንደነበሩ ይገመታል። ጠመንጃ በገደሉ በዝቶ ነበር፤ ሥጋው ለድስት፣ ቀንዱ ለመጠጫ ዋንጫ ይፈለግ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተከለለ። በ1978 ዩኔስኮ በመጀመሪያው ዙር ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ ከላሊበላ ጋር በአንድ ስብሰባ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ሲወጣ ደስ አለን፤ እውነትም ደስ የሚል ነበር፣ በ2015 አካባቢ ዋልያው ከ800 በላይ ደርሶ ነበርና። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ፣ ቁጥጥሩ ላላ፣ ጥይቱ በዛ። በቅርቡ ሲቆጠሩ 300 ገደማ ሆነው ተገኙ። ድኗል ተብሎ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ከግማሽ በላይ ክብደቱን ቢያጣ ዘመድ አዝማድ ተሯሩጦ ይመልሰው ነበር። የእኛ በሽተኛ ግን የመውጫ ወረቀቱ እጃችን ላይ ስላለ ጤነኛ ነው።

300 ዋልያ ስታዲየም ቀርቶ አንድ የሠርግ አዳራሽ አይሞላም። በእሱ ስም የሚጮኸው ግን ስታዲየም ይሞላል።

ስለ ስታዲየም ካነሣሁ፣ ቁስል መነካካት አይሁንብኝና፣ ቡድናችሁ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ በአገር ቤት አጥቶ የሜዳው የሚባሉትን ጨዋታዎች ሞሮኮ፣ ማላዊና ታንዛኒያ ድረስ እየሄደ ሲጫወት ከርሟል። ቢያንስ መሄጃ ነበረው። ባለ ስሙ መሄጃ የለውም። በእንስሳት ማቆያ ተይዞ የሚረባ ዋልያ በየትኛውም አገር የለም። በእናንተ ቋንቋ ልናገር፦ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድም ዋልያ የለም። ከገደሉ ከወደቀ ቅያሪ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እስካሁን ለዚህ ስም ኪራይ የከፈለ ማነው?

የግጭ ገበሬ ነው። ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ እንዲፋቅ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በውስጡ ያለው ሰፈራ፣ እርሻና ግጦሽ እንዲቀንስ ነበር። በ2016 በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ተነሣ። ከ400 በላይ አባወራ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ ወርዶ ደባርቅ ከተማ ገባ። ካሳ ተቀብሏል። ሆኖም ብር ተቆጥሮ ያልቃል፤ ከአባት የወረሱት የገብስ ማሳ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ይታጨዳል። መንደሩ መነሣት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ሚዛኑ ከባድ ነው፣ እኔም ቡና እየጠጣሁ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የምፈርድበት አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ ለዋልያ ሲባል ቤቱን ነቅሎ የሄደ ሰው አለ፤ ይህ ሰው ማልያ አልሸጠም፣ የቢራ ጠርሙስ ላይ ቀንድ አልለጠፈም፣ በዋልያ ስም ለአፍሪካ ዋንጫ አልተሰለፈም። ከስሙ የበላ ሁሉ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ የተነሣው ከስሙ ምንም ያልበላው ነው። የኪራይ ውል እንዲህ ተገልብጦ አይቼ አላውቅም፦ ቤቱ የሌላ፣ ነዋሪው እናንተ፣ ከፋዩ ጎረቤት!

ከእሱ ቀጥሎ የሚከፍለው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ ነው፤ ያረጀ ጠመንጃውን ታቅፎ ሳንካበርና ጨነቅ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በብርድ የሚያድረው። በ2019 ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ ቅጠልና አፈር ይዘው የወጡት እሱና የአካባቢው ሕዝብ ነበሩ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። ስሙን ከተከራየው ወገን የውሃ ባልዲ ይዞ የመጣ አላየሁም፤ እዚህም ላይ ደረሰኝ ያለው ያሳየኝ።

ሰው ለማይነግድበት ነገር እንዴት እንደሚከፍል ማየት የሚፈልግ መንዝ ይሂድ። የጓሳን ደጋ የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይፈለጋል፤ ግን ካልተከፈተ አይታጨድም፣ ያጨደ ይቀጣል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮም ዛሬ ድረስ እዚያ አይጥ ያድናል። ማልያም ስፖንሰርም አላስፈለገም።

ቀይ ቀበሮ ካልኩ ዘንድ፣ ታዳጊ ቡድናችሁንም «ቀይ ቀበሮዎቹ» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ለአቅመ አዳም የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የሚፈጃቸው ከየመንደሩ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው። ማለትም የአንዳንድ ቀበሮ ዕድሜ የሚወሰነው በባሌዋ ዲንሾ አካባቢ አንድ ውሻ በጊዜው በመከተቡና ባለመከተቡ ነው። የደጋ አጋዘንም በብዛት ያለው ባሌ ነው። ስሙ ግን ኒያላ ተብሎ ሲጋራ ሆኗል፣ ኢንሹራንስ ሆኗል፣ መልኩም 10 ሳንቲም ላይ ታትሟል። 10 ሳንቲሟ ከገበያ ከጠፋች ቆይታለች፤ አጋዘኑ በጥቂቱም ቢሆን ገይሳይ ሜዳ ላይ ይታያል። የመጥፋት ውድድር ቢኖር እስካሁን ሳንቲሟ እየመራች ነው።

የሴቶቹን ቡድን በተመለከተ ግን ቅሬታ የለኝም። «ሉሲዎች» ብላችኋል፤ ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያለፋት፣ አጥንቷ ተለቅሞ በብሔራዊ ሙዚየም የተቀመጠ፣ ኪራይ የማትጠይቅ ክብርት ናት። እንዲያውም አርቃችሁ ማሰባችሁ ገርሞኛል። በዚሁ አካሄድ የወንዶቹም ስም ወደ ሴቶቹ ምድብ መሸጋገሩ ስለማይቀር፣ ሙዚየሙ ከወዲሁ ጎን ለጎን ቦታ ቢያዘጋጅ ወጪ ይቀንሳል።

የክፍያው ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። በእኔ ሒሳብ ምንም እንዳይገባ፤ ውክልናዬ እስከዚያ አይደርስም። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ማልያ ላይ ጥቂት ይቀመጥ፤ ያችን ኒያላ ያለባትን 10 ሳንቲም እንኳ ብትሆን አልንቅም፣ ከተገኘች። በዚያ ለስካውቱ የዝናብ ልብስና ጫማ ይገዛ፣ ለደባርቅና ለዲንሾ ውሾች ክትባት ይገዛ፣ ከግጭ ለወረዱት ልጆች የሙያ ትምህርት ይከፈል። ቆጣሪዎች በየዓመቱ ገደሉን ሲዞሩ ከተጫዋቾቻችሁ ሁለት ሦስቱ አብረው ይሂዱ። ለሳንባም ጥሩ ነው፤ ደግሞም አንድ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ስሙ የወጣለትን ቢያይ አይከፋም።

በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ስሙን ለማስመለስ እገደዳለሁ። እንዳትቸገሩ ግን በቁጥር የማያሰጉ ተተኪዎች አሉ። ጅቦቹ ማለት ይቻላል፤ ብዛታቸው አስተማማኝ ነው፣ በሌሊት ጨዋታም ልምድ አላቸው። ጦጣዎቹም አሉ። የስፖርት ጋዜጠኛው «ጅቦቹ ዛሬ ከግብፅ አቻቸው ጋር ይፋለማሉ» ሲል መጀመሪያ አካባቢ ድምፁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ይለምደዋል። ስፖንሰር የሚሆን ጅብ ቢራ መገኘቱን ግን ዋስትና አልሰጥም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀይ ቀበሮዎቹ (ተራው ደርሷቸዋልና ይዘጋጁ)
ለሉሲዎች (ለመረጃ ያህል)
ለግጭ የቀድሞ ነዋሪዎች፣ ደባርቅ (ውዝፉ ሲሰበሰብ ቀዳሚ ተከፋዮች ስለሆኑ)