ይድረስ ለጋሼ፤ ጉዳዩ፦ ስለ ቋጠሮ

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ቆቦ

የዛሬው ደብዳቤ የሐዋላ ቁጥር አልያዘም፤ ስለዚህ መሐሉን ዘለው መጨረሻውን እንዳይፈልጉ፣ ቁጭ ብለው በእርጋታ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

እዚህ አገር ሰው ደህና ፍራሹንና ማሞቂያውን ትቶ፣ ለዱር መግቢያ ከፍሎ፣ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ ሜዳ ላይ ሲያድር "ካምፒንግ" ይባላል። ድንኳን ይተከላል፤ ለቅሶ የለ፣ ሰርግ የለ። ይህን በዞብል ተራራ ጥግ ከከብቱ ጋር ለሚያድር እረኛ ብንነግረው፣ "የእኔን ሒሳብ ታዲያ ማን ይዞት ነው?" ማለቱ አይቀርም። የሚገርመው ግን ማደሩ ሳይሆን ዝግጅቱ ነው፦ ከመሄዳቸው በፊት ገመድ ማሰር ይማራሉ። ኮርስ አለው፣ አስተማሪ አለው፣ መጽሐፍ አለው። ክሊፎርድ አሽሊ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው 11 ዓመት ደክሞ በፈረንጆች 1944 ያሳተመው መጽሐፍ ከ3,800 በላይ ቋጠሮዎችን በተራ ቁጥር ይዘረዝራል። እኛ ዘንድ አንድ ሰው 3,800 ቋጠሮ አለው ቢባል፣ ቂም ነው ብለን ሽማግሌ እንልክበት ነበር።

ይኸው፣ ሳቁ። "ፈረንጅ ገመድ ማሰር የሚማረው ጥጃ አስሮ ስላላደገ ነው" እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ማስረጃም አያጡም። ኮርሱን ጨርሶ ስሜን ተራሮች የሚመጣው ቱሪስት ድንኳኑንና ስንቁን በበቅሎ ጀርባ ላይ የሚያስርለት የአገሩ ገበሬ ነው። ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ እንግዳ ወንድ ወገቡን በጠፍር ታስሮ፣ ላይ ሆነው በሚስቡት መነኮሳት እጅና ቋጠሮ ላይ ነፍሱን ጥሎ 15 ሜትር ያህል ገደል ይወጣል። ሩቅ ሳንሄድ፣ ቆቦ ላይ ሽንኩርት በአይሱዙ የሚጭነውን ጫኝና አውራጅ ይመልከቱት። ገመዱን በጭነቱ ላይ ይወረውርና መሐሉ ላይ አጥፎ ቀለበት ያወጣል፤ ጫፉን ከታች ካለው ብረት አዙሮ በቀለበቱ ውስጥ ያሳልፍና ቁልቁል ይስበዋል። ገመዱ ራሱ ላይ ስለ ዞረ እንደ መዘውር ሆኖ የአንዱን ሰው ክንድ ያበዛለታል። ይህንኑ እዚህ "የጭነት መኪና ነጂ ቋጠሮ" ብለው በኮርስ ይሰጡታል፤ የቆቦው ልጅ ግን የምስክር ወረቀት የለውም።

ስለዚህ በዕውቀት አንሰናል የሚል ክርክር የለኝም። የእኔ ነገር ሌላ ነው፦ እጃችን የተማረው በአሮጌው ገመድ ነው፤ ገመዱ ግን ተለውጧል። ጠፍር እርጥብ ሳለ ታስሮ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አሳሪው ያላጠበቀውን ፀሐይ ታጠብቅለታለች፤ ለቆቦ ፀሐይ ደግሞ ይህ ሥራም አይባል። ቃጫና ልጥ ሸካራ ናቸው፤ አንዱ ዙር ሌላውን ነክሶ ይይዛል። ማለትም ድሮ የቋጠሮውን ግማሽ ሥራ የሚሠራው ገመዱ ራሱ ነበር። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው የናይሎን ገመድ ግን ለዝምድና አይመችም። ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ ጭነቱ ሲቀንስለት ተመልሶ ይቃናል፤ ትናንት የታሰረበትን ዛሬ ይረሳል። ሰዉም መላ ይዘይዳል፦ በአንድ ቋጠሮ ላይ ሌላ፣ በእሱ ላይ ሦስተኛ ይደረባል። ውጤቱ ሊይዝ ሲገባው የሚሾልክ፣ ሊፈታ ሲገባው ደግሞ ድንጋይ የሚሆን ጉብታ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ ግን ድሩ ማበሩን እንጂ ቋጠሮው ምን ዓይነት እንደ ነበር የነገረን የለም።

መደራረብ ብቻውን እንደማያጠነክር የሚያሳይ ማስረጃ ጫማችን ላይ አለ። በፈረንጆች 2017 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች የጫማ ማሰሪያ ለምን እንደሚፈታ ለማወቅ ሯጭ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ እያስሮጡ በፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ ቀረጹ። እግር መሬቱን በምድር ስበት 7 እጥፍ ያህል ኃይል ሲመታ ቋጠሮው ይለጠጥና ይላላል፤ የሚወዛወዙት ጫፎች ደግሞ የማይታይ እጅ እንደያዛቸው ሆነው ይስቡታል፤ ከዚያ በሰከንዶች ውስጥ ዝርግፍ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ያሉ አባቶቻችን ይህን ያለ ካሜራ ደርሰውበታል፤ ቢሆንም አንድ ነገር ሳይነግሩን ቀርተዋል። ሁለት ዓይነት አስተሳሰር አለ። ቀኙን በግራው ላይ አሳልፈው ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ ካሳለፉ ቋጠሮው ራሱን ይቆልፋል፤ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ካዞሩ ግን ሰነፍ ቋጠሮ ይሆንና ቀድሞ ይከዳል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ የማሰሪያው ሁለት ጆሮዎች በጫማው ላይ አግድም ከተኙ ደህና ነው፤ ወደ ጣትና ወደ ተረከዝ ከዞሩ ሰነፉ ነው። ያው ክር፣ ያው ብዛት፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ። በፈረንጆች 2020ም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ሲወጠር ቀለሙ የሚለወጥ ክር እየቋጠሩ፣ የመሻገሪያው ብዛትና አጠማዘዙ አብረው ጥንካሬውን እንደሚወስኑ አሳይተዋል። ሰነፉን ቋጠሮ ፈረንጆች "የሴት አያት ቋጠሮ" ይሉታል፤ በዚህ ግን አልስማማም። የእኛ አያቶች በነጠላ ጫፍ የቋጠሯትን ብር እንኳን ሌባ የልጅ ልጅም አይፈታትም።

"መፍታት ምን ያስጨንቃል፤ ማጭድ አለ" የሚል ተቃውሞ ይመጣል። የተቆረጠ ገመድ ሁለት አጭር ገመድ ነው፤ ሁለቱም ለምንም አይበቁም፤ መልሶ ማቀጣጠሉም ሌላ ጉብታ ይጨምራል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ የቆቦ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ሆርማትና ጎሊና ወንዞች በድንገት ሲሞሉ፣ የራያ ገበሬ ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ያስገባል፤ አሸዋው ላይ የታሰረችው አህያ ግን ማጭድ እስኪመጣ አትጠብቅም። ለዚህ የሚሆነው አስተሳሰር አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ እጠፈው። ማለቂያው ላይ የገመዱን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከማሳለፍ ይልቅ አጥፈው፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ጆሮ፣ እጥፉን ብቻ ያስገቡ። ከእንስሳው በኩል ሲጎተት ይጠብቃል፤ እርስዎ ጫፉን ሲስቡት በአንድ ጊዜ ይለቃል። "በቅሎ ብልጥ ናት፣ ጫፉን በጥርሷ ትስበዋለች" ካሉኝ፣ እውነት ነው፤ ያን ጊዜ ጫፉን በራሱ ጆሮ ውስጥ ያሾልኩት። በቅሎዋ ብትስበው ራሷ ላይ ትቆልፋለች። ነገሩ ለራያ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቀው ልጅ ወንጭፉን የያዘው በዚህ ጥበብ ነው፦ አንዱ ጫፍ በጣቱ ታስሯል፣ ሌላው በጊዜው ይለቀቃል። ሁለቱም ጫፍ ቢታሰር ድንጋዩ የሚያርፈው የት እንደሆነ ልጁ ያውቃል።

ሌላው አስተሳሰር ለእንስሳ አንገት የሚሆነው ነው። ጥጃን በሸምቀቆ ማሰር፣ በተጎተተ ቁጥር ጉሮሮውን ማነቅ ነው። በምትኩ ቀለበቱ የማይጠብቅ፣ ጭነት ተሸክሞ ውሎም በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ አለ፤ መርከበኞች ቦውላይን ይሉታል። እዚህ ልጆችን የሚያስተምሩት በተረት ነው፦ ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሠርተህ ጉድጓድ በለው፤ ከጉድጓዱ ወደ ላይ የሚሄደውን ገመድ ዛፍ በለው፤ ጫፉ ጥንቸል ነው። ጥንቸሏ ከጉድጓዱ ትወጣለች፣ በዛፉ ጀርባ ትዞራለች፣ ተመልሳ እዚያው ጉድጓድ ትገባለች፤ ከዚያ ይጠበቃል። (ስደተኛ ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል፤ እኛ ከጉድጓዱ ወጥተናል፣ ዛፉንም ዞረናል፣ የቀረው መመለሱ ነው፤ ቋጠሮውም እስከዚያው ልል ነው።)

የፈረንጅ ነገር ሁሉ ይቀዳ እያልኩ እንዳልሆነ ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። ስንቅን ከድብ ለማዳን በገመድ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ መስቀል እዚህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ምን ይማራል? በዚያ ላይ እዚሁ ኮሎራዶ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ዱር የሚያድር ሰው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ስንቁን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ እንዲይዝ ደንቡ ያስገድደዋል። ስንት ሌሊት የተጠናበት ገመድ በቆርቆሮ ተሸነፈ። ከ3,800ው እኔ ለቆቦ የምመርጠው ሦስት ነው፦ የማይሰንፈው የጫማው፣ የማያንቀው የጥጃው፣ በአንድ ስበት የሚለቀው የአህያዋ። የጫኞቹን አልቆጠርኩም፤ እሱን እነሱ እዚህ መጥተው ያስተምሩ።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። ከአገር ቤት የሚላክ የበርበሬና የሽሮ እሽግ ሁሉ እዚህ የሚከፈተው በቢላዋ ነው፤ ፌስታሉ አብሮ ስለሚቀደድም ምንጣፉ ወጥ ወጥ ሲል ይከርማል። የሚቀጥለውን እሽግ ሲያስሩ ማለቂያው ላይ ጫፉን አጥፈው ጆሮ ይተዉልኝ። ባይሆንልዎ ግን ለጎረቤት ጫኝ ይስጡት፣ እሱ ያውቅበታል።

ለቤተሰቡና ለሰፈሩ ሁሉ፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም በኩል ላሉት፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ