ጨጨብሳ በማር፦ የቁራሾች አመዳደብና የባለምጣዷ ጥያቄ

ጥናት በችግሩ መግለጫ ይጀምራል፤ ይህም ከደንቡ አይወጣም። ችግሩ ጨጨብሳ በየቤቱ «ፈጣን ቁርስ» ተብሎ መታወቁ ነው። እርግጥ እርሾ አይጠይቅም። እንደ እንጀራ ቀናት ቀድሞ አይታሰብለትም። ዱቄት፣ ውሃና ጨው ይበጠበጣል፤ ቂጣው ይጋገራል፤ በትኩሱ ይቆራረሳል፤ በንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ማር ይፈስበታል፤ አለቀ። ከአልጋው ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ለሚቀርብ ሰው በእርግጥም ፈጣን ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ምጣዱ አጠገብ የቆመችው ሴት በዚህ ፍጥነት ውስጥ የት እንዳለች ነው።

የጥናቱ ወሰን በቤት የሚሠራው፣ ማር ያረፈበት ጨጨብሳ ነው። ጨጨብሳ ከኦሮሞ ቤት ወጥቶ አገር ምድሩን ያዳረሰ ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን በምግብ ዝርዝር ላይ ከፉልና ከእንቁላል ፍርፍር መሃል ተጽፎ ስላገኘው የካፌ ፈጠራ ይመስለዋል። ካፌውን ትተነዋል። እዚያ ማሩ በትንሽ ስኒ ለብቻው ይመጣል፤ ተጨማሪ ሲጠየቅ የአስተናጋጁ ፊት የሚያሳየው ለውጥ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ነው።

በቅድሚያ ቁራሽ ምን እንደሆነ እንበይን። አፍ ውስጥ ገብቶ ጉንጭ ካሳበጠ ገና ቂጣ ነው። ጥርስ መሃል ገብቶ ከጠፋ ወደ ዱቄትነቱ ተመልሷል። በሁለቱ መካከል ያለው ጨጨብሳ ይባላል። ይህን መካከል ማግኘት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው፤ ምክንያቱም ቂጣ እንደ ዱቄቱ ጠባይ አለው። የጤፍ ቂጣ ነካ ሲያደርጉት ይሰበራል፤ ልብ ካልተባለ ፍርፋሪ ይሆናል። የስንዴው ደግሞ ጤፍ የሌለው ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ነገር ስላለበት ሲጎትቱት አብሮ ይሳባል፣ ይሳባል፣ መጨረሻ ላይ ካሰቡት ቦታ ሌላ ቦታ ላይ ይቀደዳል። አዋቂዎች ሁለቱን ቀላቅለው ይገላገላሉ። የገብስና የበቆሎም አለ፤ አለ ብለን እንለፈው።

ቆራሾች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዋ በትኩሱ ቆራሽ ናት። ቂጣው ከምጣድ ሲወጣ በሁለት እጇ ታነሳዋለች፣ እየወረወረች ትቀበለዋለች፣ «እፍ!» ትላለች፣ ትቆርሳለች፣ ጣቷን ጆሮዋ ላይ ታስነካለች፣ እንደገና ትቆርሳለች። ይህ ሁሉ መከራ ምክንያት አለው። ቂጣ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ስታርች ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቅቤው ዙሪያውን ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ቆራሽ ይህን እያወቀ ቂጣው እስኪበርድ የሚጠብቅ ነው፤ ጣቱ ይድናል፣ ጨጨብሳው ግን ቅቤ የተቀባ ደረቅ ቂጣ ይሆናል። ሦስተኛው ባለመቀስ ነው። ቁራሾቹ ሁሉ እኩል አራት ማዕዘን ሆነው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ነገር ሌላ መናገር አያስፈልግም። ከባለመቀሶቹ መካከል መጋገሩንም ትቶ የሱቅ ቶርቲላ የሚቆራርጥ ንዑስ ክፍል በአሜሪካ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ይገኛል። ሰኞ ጠዋት ልጅ አብልቶ ሥራ ለመድረስ ከሆነ ጥናቱ ይቅር ይላል። ለእንግዳ የቀረበ እንደሆነ ግን እንግዳው ዝም ብሎ ይበላል፣ ወጥቶም ለዘመድ ሁሉ ይናገራል።

ማርን በሚመለከት ሦስት ወገኖች አሉ፤ በርበሬ ብቻ የሚሉ፣ ማር ብቻ የሚሉ፣ ሁለቱም የሚሉ። ትክክለኛዎቹ ሦስተኛዎቹ ናቸው። ጥናቱ ለዚህ ማስረጃ ማቅረብ አላስፈለገውም። ማስታወስ ያለብን ቅደም ተከተሉን ነው። ቅቤው ይቀልጣል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ በርበሬው ይገባል፤ እሳት ላይ ከቆየ አርሮ ይመራል። ማሩ የሚፈስሰው ከሁሉ በኋላ፣ ሳህን ላይ ነው፤ መጥበሻ ላይ ያፈሰሰ ሰው ያገኘው ከረሜላ ነው፣ መጥበሻውም ለሳምንት ይቀየመዋል። እዚህ ላይ አንድ መሰናክል አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ በክረምት ጠዋት ማር ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ይህን ጊዜ ጠብቆ «ይሄ ማር ስኳር አለበት፤ ንጹሕ ማር እንዲህ አይረጋም» የሚል አንድ አጎት ይኖራል። ንጹሕ ማርም ይረጋል። አጎትየው ግን አይረታም፤ ማሩን ያመጣው ሌላ ዘመድ ነውና።

አሁን ወደ ራሳቸው ወደ ቁራሾቹ። አራት ዓይነት ናቸው። የጠርዝ ቁራሽ ደረቅና ኩርሽም የምትል ናት፤ ወዳጆች አሏት። የመሃል ቁራሽ ብዙኃኑ ናት፤ ስለ ብዙኃኑ የሚጻፍ የለም። የታች ቁራሽ ቅቤና ማር ያቆሩበት ቦታ የተኛችው ናት፤ ወንድምና እኅት የሚጣሉት በእሷ ነው፤ በማንኪያ ከስር ጎርጉሮ ለማውጣት የሚደረገው ሙከራም «አታተራምሰው!» በሚል ድምፅ ይቋረጣል።

አራተኛዋ ሳህን ያልደረሰችው ቁራሽ ናት። የጥናቱ ቀለም አብዛኛው የሚያልቀው በእሷ ላይ ነው። ከቂጣው ተቆርሳ ለመውጣቷ እማኝ አለ። ሳህኑ ላይ ግን የለችም። መንገዱ ደግሞ ከምጣድ እስከ ሳህን አንድ ክንድ አይሞላም።

በዚህ መንገድ ላይ ከሚጠፉት ቀዳሚዋ የጨው መቅመሻ ናት። ባለምጣዷ ከመጀመሪያው ቂጣ ጫፍ ትቆርስና «እስቲ ጨዉን ልየው» ብላ አፏ ትጨምራለች። ዓይኗን ወደ ጣሪያ ታነሳለች። አገጯ ይንቀሳቀሳል፤ ይቆማል። የአንድ ቁራሽ ፍርድ ይግባኝ አያጣምና ሁለተኛ ትቆርሳለች። ቂጣው አንዴ ከተጋገረ ጨው በዛ፣ አነሰ ቢባል ምን ሊደረግ ነው ብሎ የጠየቀ ደፋር ልጅ «ለቀረው ሊጥ ነዋ!» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ በቂ ይመስላል። ሆኖም ቅምሻው ሊጡ አልቆ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ የመጨረሻው ቂጣ ሲወጣም አይቀርም።

ቀጥላ የበርበሬ መቅመሻ ትመጣለች፤ ከዚያ የቅቤዋ፣ ቅቤው ከመጣ ቆይቷልና እንዳይሸት፤ ከዚያ የማሩ። ከነዚህ ሌላ የምስክር ቁራሽ አለች። በር ላይ ተደግፎ የቆመው ልጅ «ና እስቲ ቅመስ፤ ጨዉ እንዴት ነው?» ተብሎ ይጠራል። ልጁ «ጨው አንሶታል» ካለ «አፍህ ነው» ይባላል። «ጥሩ ነው» ካለ «አንተ ምን ታውቃለህ» ይባላል። ምስክርነቱ በሁለቱም በኩል ውድቅ ሆኖ ቁራሿ ግን አትመለስም።

እስካሁን የጠቀስናቸው በፈቃድ የሚጠፉት ናቸው። በዕጣ የሚጠፉም አሉ። የመጀመሪያዋ ቂጣ ምጣዱ በደንብ ሳይግል፣ ማሰሻው ሳይዳረስ ስለምትፈስስ ሁልጊዜ ትጣበቃለች፤ ተፋቅፍቃ ስትወጣ «ይቺ ለኔ ትሁን» ይባልላታል። ስልክ ሲጮኽ ያረረችው ለኔ ትሁን ትባላለች። ሊጡ ጓጉሎ ዱቄት የቋጠረችውም እንዲሁ። ምድጃው ላይ የወደቀችው «እፍ» ተብሎባት ለኔ ትሁን ትባላለች። እንግዲህ ሳህኑ ገበታ ላይ ሲቀርብ፣ ልጆቹ ማንኪያ ሲያነሱ፣ «እማዬ፣ ነይ እንብላ እንጂ!» ሲባል፣ ባለምጣዷ ከኩሽና ሳትወጣ «እኔ በልቻለሁ» ትላለች።

ይህ ዐረፍተ ነገር በሊቃውንት ዘንድ ሁለት ጎራ ፈጥሯል። አንደኛው ጎራ ውሸት ነው ይላል። እናት መቼ ተቀምጣ ስትበላ ታየች? ሁለተኛው ጎራ እውነት ነው ይላል፤ ሁለት ለጨው፣ አንድ ለበርበሬ፣ አንድ ለቅቤ፣ አንድ ለማር፣ ከዚያ የተጣበቀችዋ፣ ያረረችዋ፣ የጓጎለችዋ፣ የወደቀችዋ፤ ሲደመር ከማንም ሳህን አያንስም። ክርክሩን የሚቆርጠው ከወደ ጾም የመጣ ማስረጃ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የምትጾም እናት ላልደረሱ ልጆቿ ጨጨብሳውን በዘይት ትሠራለች፤ ራሷ ግን አትቀምስም። በረመዳን ለትናንሽ ልጆቿ ቁርስ የምትሠራ እናትም እንዲሁ ናት። «ሳልቀምሰው ነው፣ እንግዲህ ከጎደለው ታገሱ» ብላ ታቀርባለች። ከዚያስ? ጨዉ ልክ ነው። በርበሬው ልክ ነው። አንዲት ቅንጣት አልበዛም፣ አንዲት ቅንጣት አልጎደለም።

የዚህ ግኝት ክብደት በቀላሉ አይታይም። ባለምጣዷ ሳትቀምስ ጨዉን ልክ ማድረግ ከቻለች፣ በፍስክ ቀን የሚደረገው ቅምሻ ሁሉ ከጨው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም ማለት ነው። ቁርሷ ነው። በቁሟ፣ በችኮላ፣ ጨው በማየት ስም የምትበላው ቁርሷ። ስለዚህ «በልቻለሁ» ማለቷ እውነት ነው። ምን በላሽ ተብላ ግን ተጠይቃ አታውቅም፤ ብትጠየቅ ከዝርዝሩ ግማሹ ያረረ ነበር።

ይህን ለማስተካከል ልጆች ለዘመናት ሲሞክሩት የኖሩት ዘዴ ጉርሻ ነው። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ «አንድ ያጣላል» ስለሚባልም ቢያንስ ሁለት ናት። በማንኪያ የተሰጠ ጉርሻ ከጉርሻ ይቆጠራል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ ማር የነካው ጣት የሚያደርገውን ያየ ሰው ግን ክርክሩን አያስረዝምም። እናም ልጅ ከታች ጎርጉሮ፣ ማርና ቅቤ የጠገቡትን መርጦ፣ ኩሽና ድረስ ሄዶ ሁለቴ ያጎርሳታል። እሷም ትቀበላለች። ከዚያ ተራው የእሷ ይሆናል። ማንኪያውን ትቀማዋለች፣ ሳህኑን ታስጠጋለች፣ በማንኪያው ላይ ሌላ ማንኪያ የሚሞላ ትቆልልና «አፍህን ክፈት» ትላለች። የንግድ ሚዛኑ ምንጊዜም በአንድ ወገን ነው። ሁለት ትናንሽ ገብተው ሦስት ትላልቅ ይወጣሉ። ልጁ አፉ ሞልቶ መቃወም ስለማይችል አራተኛውን ይቀበላል። ዘዴው በየትውልዱ ተሞክሮ በየትውልዱ ከስሯል፤ አሁንም እየተሞከረ ነው።

ለንጽጽር ያህል የእሑድ አባትን እንይ። አባት በዓመት አንዳንዴ «ዛሬ እኔ ነኝ የምሠራው» ብሎ ይነሳል። ሁለት መጥበሻ፣ ሦስት ጎድጓዳ ሳህንና የቤቱን ማንኪያ ሁሉ ያወጣል። ማሰሻው የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ዓይኑ ስር ነው። ሊጡ ይጓጉላል፤ «እንዲህ ነው የሚጣፍጠው» ይላል። እሱም ጨው ያያል፣ በሰፊው ያያል፤ ከዚያ ግን ወጥቶ ገበታው ራስ ላይ ቁጭ ብሎ እንደገና ይበላል። በቅምሻውና በቁርሱ መካከል ምንም ግንኙነት አያይም። የሠራው በእርግጥ ይጣፍጣል፤ ይህን መካድ ሳይንሳዊ አይሆንም። ኩሽናውን የምታጸዳው ማን እንደሆነች ግን አንባቢ ይገምት።

ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ማንኪያና ሹካ ልዩነት፣ አራተኛው ደግሞ ጨጨብሳ ከሻይ ወይስ ከቡና ጋር እንደሚሄድ የሚመረምር ነበር። ሁለቱንም ትቻቸዋለሁ። ሻይ ነው። በጨጨብሳ ላይ ጥናት የሚጽፍ ሰው ብርቱ ጠላቱ ትኩስነቱ ነው፤ እየጻፉ ሲቆዩ ቅቤው ሳህኑ ላይ ይረጋል። የሳህን አጠባን የሚመለከተው የመጨረሻ ክፍልም፣ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ስለማይለቅ፣ ጀበናም ማንቆርቆሪያም ለሻይና ለቡና ስለተያዙ፣ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ተላልፏል።