ነጎድጓድ፣ መብረቅ እና ሩዶልፍ

የገና አባትን የበረዶ ሠረገላ ለመጎተት በመጀመሪያ የታመነበት ሬንዲር አንድ ብቻ ነበር፤ ያውም ስም የለሽ። እ.ኤ.አ. በ1821 ዊልያም ጊሊ ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳተማት ትንሽ የልጆች መጽሐፍ ይህን የሰሜን በረዶ አገር አጋዘን ከሠረገላው ስትጠምደው ማን እንደሚባል አልተናገረችም። ያን ሁሉ የጭስ ማውጫ በአንድ ሌሊት የሚያዳርስ ሽማግሌ በአንድ እንስሳ ብቻ መንገድ መጀመሩ ድፍረት ነው።

ረዳት የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዲሴምበር 23 ቀን 1823 «ትሮይ ሴንቲኔል» የተባለው ጋዜጣ የደራሲው ስም ያልተገለጸ ግጥም አወጣ። በግጥሙ ሬንዲሮቹ ስምንት ሆነዋል፤ ሽማግሌውም አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ያጣድፋቸዋል።

ዳሸር ተፈትላኪው፣ ዳንሰር ጨፋሪው፣ ፕራንሰር ደግሞ እየተንጎራደደ የሚዘልለው ነው። እስከዚህ ሁሉም የእግር ሥራ ስለሆነ ሠረገላ ጎታችን አያሳፍርም። ቪክሰን ግን ሴት ቀበሮ ናት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነገረኛ ሴትንም እንዲሁ ይሏታል። ኮሜት ጅራታም ኮከብ ነው። ኪዩፒድ የሮማውያን የፍቅር አምላክ ነው። ቀበሮ፣ ኮከብና ጣዖት በአንድ ሠረገላ! በኋላ ግጥሙ የእኔ ነው ያለው ክሌመንት ክላርክ ሙር ደግሞ በኒው ዮርክ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ በ1809 የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ያሳተመ የተከበረ ሰው ነበር።

የባሰው ከኋላ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው በጋዜጣው ላይ ደንደርና ብሊክሰም ይባሉ ነበር፤ በሆላንድኛ ነጎድጓድና መብረቅ። ሁለቱ አብረው ሲጠሩ የተናደደ ሆላንዳዊ የሚያወርደው እርግማን ይወጣቸዋል።

ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሁለቱ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ስማቸው ሲለዋወጥ ኖረ። በ1837 በታተመ የግጥም መድበል ዶንደርና ብሊክሰን ሆኑ። ሙር በ1844 ግጥሙን በራሱ መጽሐፍ ሲያወጣ ብሊክሰን ብሊትዘን ተባለ፤ ይህ የጀርመኖች መብረቅ ነው። ስለዚህ ነጎድጓዱ ሆላንዳዊ፣ መብረቁ ጀርመናዊ ሆነው አብረው ይጎትቱ ጀመር። ኋላ ዶንደርም ዶነር ተብሎ ወደ ጀርመንኛ ተሻገረና የቤቱ ቋንቋ አንድ ሆነ። የሌላ ሰው፣ የሄንሪ ሊቪንግስተን ዘሮች ግን ግጥሙ የአባታችን ነው ብለው እስከ ዛሬ ድረስ ደጋፊ አላጡም፤ ደጋፊዎቹም ከሚያነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ያ የመጀመሪያው የሆላንድኛ አጻጻፍ ነው። ሊቪንግስተን በእናቱ በኩል የሆላንድ ዘር ነበረውና።

የኦዝ ጠንቋይ ደራሲ ፍራንክ ባውም በዚህ ክርክር አልገባም። በ1902 ስለ ገና አባት በጻፈው መጽሐፍ አሮጌውን ቡድን ትቶ አሥር አዳዲስ ሬንዲሮችን ቀጠረ፤ ስማቸውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቤት ይመታል፦ ፍሎሲና ግሎሲ፣ ሬሰርና ፔሰር፣ ፊርለስና ፒርለስ፣ ሬዲና ስቴዲ፣ ሬክለስና ስፔክለስ። ሬክለስ ማለት ግድየለሽ ነው። የልጆችን ስጦታ ለእርሱ አደራ መስጠት የደራሲ ድፍረት ይጠይቃል፤ አንባቢም ይህን የወደደለት አይመስልም፣ አሥሩን ዛሬ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው።

ዘጠነኛው ከግጥም ሳይሆን ከገበያ መጣ። በ1939 የቺካጎው ሞንትጎመሪ ዋርድ መደብር ለደንበኞች በነጻ የሚታደል የገና መጽሐፍ ፈለገና ሥራውን ለማስታወቂያ ጸሐፊው ለሮበርት ሜይ ሰጠ። ሜይ ለጀግናው ሬንዲር ሮሎ የሚለውን ስም አሰበና ለተገለለ ፍጡር ደስታ በዛበት ብሎ ጣለው፤ ሬጂናልድን አሰበና በጣም እንግሊዛዊ ሆነበት፤ ሩዶልፍ ላይ ረጋ። አለቆቹን ያሳሰባቸው ግን ስሙ ሳይሆን ሜይ የሰጠው ቀይ አፍንጫ ነበር፤ እንዲህ ያለ አፍንጫ የሰካራም ምልክት ነውና። ሠዓሊው ባልደረባው ዴንቨር ጊለን ከሊንከን ፓርክ መካነ እንስሳት አጋዘኖችን አይቶ የሣለው ሥዕል ነው ያሳመናቸው። በዚያው ዓመት 2.4 ሚሊዮን ቅጂ ታደለ።

አሁን የቀረው የጾታ ጉዳይ ነው። ወንድ ሬንዲር ቀንዱን በመጸው ማብቂያና በብርዱ መግቢያ ላይ ይጥላል፤ ሴቷ ግን እስከ ጸደይ ይዛው ትቆያለች። በገና ካርዶች ላይ የሚሳሉት ሁሉ ባለ ቀንድ በመሆናቸው ወይ ሴቶች ናቸው፣ ወይ በሰሜን አውሮፓ እንደሚጠመዱት የተኮላሹ ወንዶች። የመጀመሪያው ከሆነ በትክክለኛ ስሟ የተጠራችው ቪክሰን ብቻ ልትሆን ነው። ሩዶልፍም ስሙን ልቀይር ቢል ከሜይ ጠረጴዛ የተጣሉት ሮሎና ሬጂናልድ አይጠቅሙትም፤ ሁለቱም የወንድ ስም ናቸው።