ሃምሳ ቀን እያለን

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ደግሞ 50 ቀን፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን ፍስኩን እንዲህ ዘርግታ ሰጥታን ሳለ፣ እኛ ሁሉንም በአንድ ቀን ካልጨረስን ብለን የምንጣደፈው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ባለፈው ፋሲካ የአክስቴን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ደግፌ ታክሲ ፍለጋ ስንከራተት ያብሰለሰለኝም ይኸው ነው።

ጋሼ ስኳር አለባቸው። ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ የንስሐ አባታቸው ደጋግመው ቢነግሯቸውም፣ ቅዳሜን ሳያከፍሉ ፋሲካ ፋሲካ አይመስላቸውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ከቅዳሴ ስንመለስ ቤቱ በቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ጠበቀን። አክስቴ ዶሮ ስትሠራ ለማየት የታደለ ሰው ምግብን አይንቅም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት ለሰዓታት ታቁላላዋለች፤ 12ቱን ብልት በሎሚና በጨው ውኃው ኩልል እስኪል ታጥባለች፤ እንቁላሉን ወጡ እንዲዘልቀው በቢላዋ ጫፍ ጫር ጫር ታደርገዋለች። እንዲህ የተደከመበትን ማዕድ «ስብ አለው» ብሎ መሸሽ ልክ አይመስለኝም። የአጎቴ ልጅ በበዓል ገበታ ላይ ስልኳን አውጥታ የእያንዳንዱን ጉርሻ ካሎሪ ስትደምር ሳይ አዝናለሁ፤ ፍርሃትም እንደ ጥድፊያው ሁሉ የማዕዱን ደስታ ይወስዳል።

እኛ ቤት ችግር አልነበረም። ችግሩ የመጣው ሲነጋ፣ ዘመድ ልንጠይቅ ስንወጣ ነው። በየደረስንበት ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ድፎ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ጠጅ። ጋሼ መጀመሪያ በደንብ ተከላከሉ። «በቃኝ እመቤት፣ አሁን ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ። «ኧረ በሞቴ! ቤቴን ንቀው ነው ጋሼ?» ይባላሉ። አንዷ ዘመዳችን እንቁላል ከነቁሌቱ በእንጀራ ጠቅልላ አፋቸው ድረስ አመጣችላቸው። ቅቤው በጣቶቿ መካከል እየወረደ ክንዷን ሲያርስ እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ እየጠበቀች ነው። ጋሼ ለመከልከል እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ዓይኗን አዩ፣ እጃቸው ወረደ። «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ደገመች። የፍቅር ጉርሻ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን የሰውየው «በቃኝ» የት ገባ? እንግዳ የሚከበረው ሲጎርስ ብቻ ነው እንዴ?

ከቀትር በኋላ መንገድ ላይ ውኃ ጠየቁኝ። ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ አንድ ሊትሩን ጨርሰው እንደገና ጠየቁኝ። «የሰው ፊት ይደበዝዝብኛል» ሲሉኝ ደነገጥኩ። በፋሲካ ቀን ታክሲ ከየት ይምጣ? ክንዳቸውን ይዤ እስከ ዋናው አስፋልት በእግር ወረድን። ቤተሰቡን ጭኖ ያልፍ የነበረ የማላውቀው ሰው ቆመልን፤ ልጆቹን ኋላ አጨናንቆ ጋሼን ከፊት አስቀመጠና ክሊኒክ አደረሰን። እግዚአብሔር ይስጠው።

ጣታቸው ተወግቶ ሲለካ ስኳራቸው ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሌሊቱን በፈሳሽና በኢንሱሊን አደሩ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት የበዓል ልብሱን እንደለበሰ የሚገባው ብዙ ነው፤ በቀኝ ጎኗ ተጣጥፋ የምታቃስት ሴት፣ ጨጓራው የተነሣበት ጎረምሳ፣ የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ጫማውን በእጁ የያዘ ሰው። ተረኛው ሐኪም የሴትዮዋን ነገር አስረዳኝ። ስብ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ተጨምቆ ሐሞቱን ይለቃል፤ ውስጡ ጠጠር ካለና ጠጠሩ መውጫውን ከዘጋው ሕመሙ አያስቀምጥም። በጾሙ ወራት ስብ ያልቀመሰ ሰው ጠጠር መኖሩንም ሳያውቅ ሊከርም ይችላል። ያበጠው ጣት ሪህ ነው፤ ሥጋና መጠጥ ሲደራረቡ ይቀሰቅሱታል።

አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ለተመለሰ ሁሉ መጀመሪያ ተልባ ትሰጥ ነበር። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣና አጥልላ፣ ማር ጠብ ታደርግበታለች። ተልባ ጾሙንም ፍስኩንም ያውቃል፤ ሁዳዴን በፍትፍቱ ከርሞ የፋሲካ ሌሊት የደረቀውን አንጀት ያለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ነበር ትንሽ ወጥ የሚወጣው፤ ከዚያም እንቅልፍ። ለእርድ ነገ አለ፣ ለዳግማይ ትንሣኤም ሳምንት አለ። የትኛው ቀን ላይ እንዳጣነው እንጃ እንጂ ይህን ሥርዓት ከሌላ አገር የምናመጣው አይደለም።

ጋሼ ተሽሏቸው ወጡ። ዘንድሮ አክስቴ ገና ከሆሣዕና ጀምራ ለዘመድ ሁሉ ስልክ ስትደውል ሰማኋት። እንግዶቿን በየሳምንቱ ከፋፍላ እየቀጠረች ነው። አንዷ «ዶሮ በረቡዕ?» ብላ ሳትደነግጥባት አልቀረችም።

«አዎ ረቡዕ፤ በሃምሳው ውስጥ አይደል እንዴ? ወጡን በየቀኑ እያፈላሁ አቆይላችኋለሁ። ለጋሼ አንድ ብልትና ግማሽ እንቁላል ነው የማቀርብላቸው። በቃኝ ካሉ በቃቸው ነው፤ በሞቴ የሚል ሰው ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።»