ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የሚቀዝፍ መሣሪያ

ጣና ላይ የእጅ ጂፒኤስ ይዞ ጀልባ የሚሳፈር ሰው ቢያጋጥማችሁ አትሳቁበት። ምስኪኑ ከማዕበሉ ሌላ የሚያስታምመው መሣሪያ አለው።

መሣሪያው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ አራቱን ካልሰማ የት እንዳለ አያውቅም። ሲበላሽማ ጀልባዋን ዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ወስዶ ያቆማታል። ባለታንኳው ግን ቀና ብሎ ደሴቱን ያያል፤ በቃ። (ሶፍትዌሩን አድሶ አያውቅም።)

ከሁሉ የሚደንቀኝ የቀኑ ነገር ነው። የጂፒኤስ የቀድሞው ምልክት 1024 ሳምንት ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2019 ቆጠራው ሲዞር፣ አንዳንድ ያረጁ መሣሪያዎች ያለ ምንም ሀፍረት ተመልሰው ኦገስት 1999 ገቡ። እኛ በሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀራችሁ ተብለን ስንት ተቀለደብን! ይኸኛው ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ወደ ኋላ ሄዶም «ዘመናዊ» ነው።

ሻጩ ዘንድ ቢወስዱት መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ «አጥፍተው ያብሩት።» አልሰማ ካለ «አፕዴት ያድርጉት።» አፕዴቱ የሚፈልገው ገመድ ግን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

«ውሃ አይገባውም» የሚለውንም ልብ ብላችሁ አንብቡት። አይፒኤክስ7 የተባለው የውሃ መከላከያ ደረጃ ማለት እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት፣ ለ30 ደቂቃ ነው። ጣና ደግሞ እስከ 14 ሜትር ይጠልቃል። እንግዲህ ከእጅ ካመለጠ፣ ሐይቁ ደንቡን እንዲያከብር የዋስትና ወረቀቱን አሳይቶ መለመን ነው።